የወደድነው ሁሉ የእኛ ነው?

በአሜሪካ ቤቶች ማቀዝቀዣ ውስጥ ቺዝ አይጠፋም። ለልጆች ሳንድዊች የሚሆነው አንድ በአንድ በላስቲክ የተጠቀለለ ቢጫ ቁራጭ፣ ለፒዛና ለፓስታ ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠው ሞዛሬላ፣ በብስኩት የሚበላው ቼዳር፣ ጠዋት ዳቦ ላይ የሚቀባው ክሬም ቺዝ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከቤተሰቡ አንዱ ጠንከር ያለውን የቆየ ቼዳር ይመርጣል፤ ሌላው ለስላሳው ካልሆነ አይነካም። ለምን ይህን መረጥክ ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም የሚመልሰው ያው ነው፤ ስለምወደው። መልሱ የመጨረሻ ይመስላል፤ ከመውደድ ጀርባ ሌላ የሚጠየቅ ነገር ያለ አይመስልም። እኔ ግን አለ እላለሁ። ሰው የሚወደውን ሲመርጥ ነጻ ነው እንላለን፤ መውደዱን ራሱን ሌላ አካል አስቀድሞ ያበጀለት እንደሆነስ? ፈላስፎችም የሃይማኖት መምህራንም በዚህ ጥያቄ ሲከራከሩ ኖረዋል። ጥያቄውን በቺዝ መመርመር ነገሩን ማቃለል የሚመስለው ይኖራል። ነገር ግን በእምነት ወይም በፖለቲካ ላይ ሲነሳ ሁላችንም ወገን ይዘን እንሟገታለን፤ በምግብ ላይ ሲነሳ ማስረጃውን ረጋ ብለን ለማየት እንችላለን። ደግሞም ሰው በዕድሜው ከሚያደርጋቸው ምርጫዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት ጥቃቅኖቹ ናቸው። በእነሱ ውስጥ ነጻነት ከሌለ በትልልቆቹ ውስጥ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት 6 ኪሎ ተኩል ያህል ቺዝ ይበላ ነበር። ዛሬ መጠኑ ወደ 18 ኪሎ ደርሷል። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የሰው ምላስ አልተለወጠም፤ ምላሱ የሚያገኘው ነገር ግን ተለውጧል። ይህን የሚያሳይ አንድ ጉልህ ምልክት አለ፤ አሜሪካውያን ስለ ተወዳጅ ቺዛቸው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ቼዳርን ነው፤ ከሁሉ አብልጠው የሚበሉት ግን ሞዛሬላን ነው፤ በፒዛ ላይ ቀልጦ ይመጣላቸዋልና። ሰው ወዳጄ ብሎ የሚጠራው ሌላ፣ በየቀኑ አብሮት የሚውለው ሌላ ማለት ነው። የቢጫው ቁራጭ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ከካናዳ ወደ ቺካጎ የመጣው ጄምስ ክራፍት በ1903 ቺዝ በፈረስ ጋሪ እያመላለሰ ለሱቆች ማከፋፈል ሲጀምር ትልቁ ችግሩ የቺዙ መበላሸት ነበር። ቺዙን በሙቀት አቅልጦና አዋሕዶ ሳይበላሽ የሚቆይ ማድረጊያ ዘዴ አግኝቶ በ1916 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምርቱ በቆርቆሮ ታሽጎ ለአሜሪካ ሠራዊት ቀረበ። በ1937፣ የኢኮኖሚው ድቀት ገና ሳያልፍ፣ ለአራት ሰው ይበቃል የተባለ የማካሮኒና የቺዝ ካርቶን በ19 ሳንቲም ገበያ ላይ ዋለ። በ1950 ተቆራርጦ የታሸገው ቺዝ ተከተለ። ዛሬ ብዙዎች የልጅነቴ ጣዕም የሚሉት ያ ለስላሳ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነና እኩል የሚቀልጥ ቺዝ በመነሻው የማከማቻና የማጓጓዣ ችግር መፍትሔ ነበር።

የመንግሥት እጅም አለበት። የወተት ዋጋ እንዳይወድቅ የፌዴራሉ መንግሥት ትርፉን ወተት በቺዝ፣ በቅቤና በዱቄት መልክ ይገዛ ነበር። በ1977 የድጋፍ ዋጋው ከፍ ሲደረግ ገበሬው አብዝቶ አመረተ፤ ገበያው ያልፈለገው ቺዝ በሚዙሪ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ውስጥ ሳይቀር ተከማቸ። በታኅሣሥ 1981 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ከክምችቱ 30 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም ከ13 ሚሊዮን ኪሎ በላይ፣ ለችግረኞች እንዲታደል ፈቀዱ። በ1983 ደግሞ የወተት ገበሬዎች ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ መቶ ፓውንድ ወተት 15 ሳንቲም ለማስተዋወቂያ እንዲያዋጡ በሕግ ተደነገገ። በዚህ መዋጮ የሚንቀሳቀሰውና የግብርና ሚኒስቴር የሚቆጣጠረው ድርጅት ከፒዛ ሻጩ ዶሚኖስ ጋር ሆኖ ቺዛቸው የበዛ ፒዛዎችን እንዳስተዋወቀ በ2010 በሰፊው ተዘግቧል። ያው ሚኒስቴር በዚያው ጊዜ ሕዝቡ በእንስሳት ተዋጽኦ የሚበዛውን የረጋ ስብ እንዲቀንስ ይመክር ነበር። ይህ ሁሉ በአደባባይና በሕግ የተደረገ ነው፤ የተደበቀ ሤራ አልነበረም። ፒዛውን የሚያዘው ሰው ግን ስለዚህ አንዱንም አያውቅም። የሚያውቀው መራቡንና መውደዱን ብቻ ነው።

እንግዲህ መውደዳችን ሐሰት ነው፣ በሌሎች የተተከለ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ይህ ድምዳሜ ግን ስሕተት ነው፤ ጠንካራው ተቃውሞም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከሌላ የተቀበልነው ሁሉ የእኛ ካልሆነ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋችንም የእኛ አይደለም፤ ከእናት ከአባት የወረስነው እምነትም የእኛ አይደለም። ማንም ሰው መውደድን ከባዶ አልፈጠረም። መንግሥት ያደለውን አምስት ፓውንድ የሚመዝን ቺዝ እየበሉ ያደጉ ብዙ አሜሪካውያን ዛሬም በናፍቆት ያነሱታል፤ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በተከለሉ መሬቶችም እንዲሁ በዕርዳታ የመጣው ቺዝ የቤተሰብ ትዝታ አካል ሆኗል። በዚያ ቺዝ ዳቦ ጠብሳ ልጆቿን ያጠገበች እናት ፍቅሯ እውነተኛ ነበር፤ ልጆቿም ጣዕሙን ሲወዱ የወደዱት የእጇን ሥራ ጭምር ነው። ይህን መውደድ የትርፍ ምርት ማራገፊያ ውጤት ነው ብሎ መናቅ ድሃውን ሁለት ጊዜ መበደል ነው፤ መጀመሪያ ምርጫ ነፍገነው፣ ቀጥሎም ያገኘውን በመውደዱ ልንወቅሰው። ስለዚህ የመውደዳችን ምንጭ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። መውደዱ የእኔ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከመጣልኝ በኋላ በማደርገው ነገር ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰውን ከሌሎች ፍጥረታት የሚለየው ስለ ፍላጎቱ ራሱ ሌላ ፍላጎት ሊኖረው መቻሉ ነው ሲል ተከራክሯል። ቺዝ መፈለግ አንድ ነገር ነው፤ ቺዝ የሚፈልግ ሰው ሆኜ ልኑር ወይስ አልኑር ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። ሐሳቡን እቀበላለሁ፤ ግን ይጎድለዋል። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በራሱ አይነሳም። የሚበላ ሰው እየበላ ሳለ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይላል ተረታችን፤ ልማድ ባለቤቱን ሳያማክር እጁን ወደ ማዕዱ ይዘረጋል። ጥያቄው እንዲነሳ እጁ የሚቆምበት ቀን ያስፈልጋል፤ ያን ቀን ከሁሉ ቀድመው ያዘጋጁት ሃይማኖቶች ናቸው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ወተትና ቺዝ ከዐቢይ ጾም ማዕድ የራቁበት ዘመን ነበር፤ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን የጾሙን ሥርዓት ሲያብራራ እንቁላልንና የወተት ተዋጽኦን ከሥጋ ጋር ይቆጥራል። ያ ሥርዓት በኋላ ቀስ በቀስ ላላ። በ1962 በሲንሲናቲ የአንድ ማክዶናልድስ ቅርንጫፍ ባለቤት የነበረው ሉ ግሮን ዓርብ ሥጋ ለማይበሉት ካቶሊክ ደንበኞቹ የዓሣ ሳንድዊች አዘጋጀ፤ በኋላ ቺዝ ሲጨመርበትም ማንንም አላስቸገረም። በአሜሪካ ቺዝ ዓመቱን ሙሉ የሚያስቆመው ቀን አጣ።

የሚቆሙ ሰዎች ምን እንደሚያተርፉ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። አብዛኛው ቺዝ የሚሠራው ወተቱን በሚያረጋ ኢንዛይም ሲሆን፣ ይህ ጥንት ከጥጃ ጨጓራ ይወጣ ነበር። በ1990 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዘረመሉ በተለወጠ ረቂቅ ተሕዋሲ የሚመረተውን ፈቀደ፤ ዛሬ አብዛኛው የአገሪቱ ቺዝ የሚረጋው በዚህ ነው። በማሸጊያው ላይ ግን ምንጩ ሳይገለጽ ኢንዛይም ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል። ይህን የሚያውቀው አሜሪካዊ ማን ነው? ቺዝን ከሥጋ ጋር የማይቀላቅለውና በሃይማኖቱ ሥርዓት መሠራቱን የሚያጣራው አይሁዳዊ፣ እንስሳው እንዴት ታረደ የሚለው ሙስሊም፣ እንስሳ ስለማይገደልለት ምግብ የሚጨነቀው ሥጋ የማይበላ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ምርጫቸው ጠቧል ይባላል። ሆኖም ስለሚበሉት ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ክልከላው መጠየቅን አስተምሯቸዋልና። መርምሮ የበላ ሰው መውደዱ የራሱ ነው ለማለት ከማንም የተሻለ መብት አለው።

ጾምም ከውጭ የተጫነ ነው፣ በምን ይሻላል የሚል ይነሳል። ልዩነቱ በግልጽነቱ ነው። ጾም ትእዛዝ መሆኑን አይደብቅም፤ ቀኑንና ምክንያቱን ተናግሮ ይመጣል፤ ሰው ሊቀበለውም ሊሟገተውም ይችላል። ማስታወቂያ ግን የሚሠራው የራስህን ፍላጎት እየተከተልክ ነው እያለ ነው። እርግጥ ጾምም ልማድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ገበያ ከወተት ነጻ የሆነ፣ እንደ ሞዛሬላ የሚቀልጥ ቺዝ ስላለ ጾመኛው አንድም ነገር ሳይተው ፊደሉን መጠበቅ ይችላል። ይህን ኃጢአት አልለውም፤ ግን ጥያቄው ሳይነሳ እንደሚቀር ግልጽ ነው።

ይህ ነገር በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካል። ቤታቸው ውስጥ ሁለት ሥርዓት ተገናኝቷል። ከሱቅ በተገዛ ወተት የሚሠሩት፣ ወይም በሪኮታና በኮቴጅ ቺዝ የሚተኩት አይብ ከጎመንና ከክትፎ ጋር ይቀርባል፤ ልጆቹ ደግሞ በትምህርት ቤት ፒዛውንና ማካሮኒውን ለምደዋል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀናትም፣ ጥሉላት አይበላም፤ ፒዛ ግን ቀን አይመርጥም። ብዙ ወላጆች ሁለቱን ሲያጋጩ ይደክማሉ። ቺዙን መንቀፍ አያስፈልግም፤ ልጁ በሚወደው ነገር ላይ ማዘዝ እንደሚችል እንዲያውቅ ማድረግ ይበቃል። ስለዚህ በዚያ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ዓርብ ፒዛውን ለምን እንደማይበላ ሲጠይቃችሁ አይፈቀድም ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ምክንያቱን ንገሩት፤ ካላወቃችሁት ጠይቃችሁ ንገሩት። ፋሲካ ሲደርስም የሚወደውን ቺዝ ራሱ መርጦ እንዲገዛ ይዛችሁት ሂዱ።