«ለመሆኑ ዘሩ ምንድን ነው?»

 

ዛሬ አንዲት አጭር ጥያቄ ይዘን እናስተንትን። ሽማግሌ ተልኮ፣ የልጁ ሰላትና አኽላቅ ተጣርቶ፣ ሁሉም «ማሻአላህ» ካለ በኋላ ከጓዳ በኩል የምትመጣ ጥያቄ ናት፦ «ለመሆኑ ዘሩ ምንድን ነው?»

ወግዲም ሆነ መካነ ሰላም፣ በገጠራችን ያደገ ሰው ትርጉሟን ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው የአያቱን ስም አይደለም። «አባቱ ቀጥቃጭ ነው ወይ? እናቱ ሸክላ ትሠራለች ወይ?» ማለት ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ኒካሑ እዚያው ይቀራል። «ቡዳ» የምትለው ቃልም ከኋላ ትከተላለች።

ነገሩን ቆም ብላችሁ እዩት። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ እጅ ይቀበላል። እናታችን በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ትጋግራለች፣ በጀበናዋ ቡና ታፈላለች። የእጃቸውን ሥራ ቤታችን አስገብተን ልጃቸውን ግን ከደጅ እንመልሳለን። ምክንያታችንም አንድ ነው፦ «እነሱ ዘራቸው ሌላ ነው።»

እውን ሌላ ነው?

የዘረመል ሊቃውንት «የጋራ ቅድመ አያት» የሚሉት ነገር አለ። ሁለት ሰዎች የትውልድ ሐረጋቸውን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ የሚገናኙበት ሰው ማለት ነው። በዚህ ቃል አጠቃቀም «እሱና እኔ የጋራ ቅድመ አያት አለን ወይስ የለንም?» ብሎ ጥያቄ የለም። ማንኛቸውም ሁለት ሰዎች አላቸው። የሚጠየቀው «ከስንት ትውልድ በፊት?» ብቻ ነው። እኛ «ዘር» ስንል አጥር እናስባለን፤ እነሱ የሚለኩት ርቀትን ነው።

እስቲ በራሳችን ልማድ እናስላው። ሰባት ቤት ስንቆጥር አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን ሰባተኛው ላይ አንድ ስም እንጠራለን። እዚያ ደረጃ ላይ ግን የ128 ሰዎች ቦታ አለ። ወላጆች 2፣ አያቶች 4፣ ከዚያ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128። በአንዱ ስም እየኮራን 127ቱን አናውቃቸውም። 30 ትውልድ ወደ ኋላ ብንሄድ ቁጥሩ ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። ይህ ከ750 እስከ 900 ዓመት ገደማ ነው፤ ያኔ ደግሞ በዓለም ላይ ያን ያህል ሰው አልነበረም! ስለዚህ አንዱ ሰው በብዙ ቦታ ይደጋገማል፣ የአንዱ ቤት ሐረግ ከሌላው ቤት ሐረግ ጋር ይጠላለፋል። ከ127ቱ መካከል ብረት የቀጠቀጠ ወይም ጭቃ ያቦካ አንድም ሰው የለም ብሎ የሚምል ማን ነው?

አሁን ወደ ደቡብ፣ ወደ ጂንካ አካባቢ እንሂድ። የአሪ ሕዝብ እዚያ ይኖራል። በአሪዎች መካከልም ገበሬና ቀጥቃጭ አይጋቡም ነበር። ተመራማሪዎች ስለ ቀጥቃጮቹ በሁለት ሐሳብ ተከፍለው ቆዩ። አንዳንዶቹ «ከገበሬው በፊት የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው» አሉ። ሌሎቹ «ከገበሬው ጋር አንድ ናቸው፣ በሙያቸው ምክንያት ተገለሉ እንጂ» አሉ። የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ሲደረግ መጀመሪያ ላይ ቀጥቃጮቹ ለብቻቸው የቆሙ ቡድን መስለው ታዩ። «ዘራቸው ሌላ ነው» ለሚል ሰው ማስረጃ የተገኘ መሰለ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግን ነገሩን በጥልቀት መርምሮ ሌላ ነገር አሳየ። ገበሬዎቹና ቀጥቃጮቹ ምንጫቸው አንድ ነው፤ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ጥቂት ሰዎች ከሌላው እንዳይጋቡ ተደርገው ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ የሚፈጠር ነው።

በሰርገኛ ጤፍ አስቡት። ከአንድ ጎተራ ቁንጥር ጤፍ አንስታችሁ ለብቻው ዝሩ። ከምርቱ እንደገና ቁንጥር ብቻ አንስታችሁ ዝሩ። ይህን ብትደጋግሙት ከጊዜ በኋላ ጤፋችሁ ወደ ነጭ ወይም ወደ ቀይ ሊያደላ ይችላል። ያየው ሰው «ይህ ከሌላ ጎተራ ነው» ይላል። ጎተራው ግን ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ጥቂቱን ለይቶ መዝራቱ ነው።

ሱብሓነላህ! ሰዎች የተገለሉት ስለተለዩ አልነበረም፤ የተለዩት ስለተገለሉ ነው። እኛ የሠራነውን አጥር አላህ የሠራው አድርገን ማሳበባችን ምንኛ ከባድ ነው!

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥናቱ ተቃራኒውን ቢያገኝ ኖሮስ? ቀጥቃጮቹ ከሩቅ አገር የመጡ ቢሆኑስ ኖሮ? ማግለሉ ሐላል ይሆን ነበር? በፍጹም። የሰው ክብር ከላቦራቶሪ የሚመጣ አይደለም። ሳይንሱ ያደረገው ሰበባችንን መውሰድ ብቻ ነው። ሚዛኑን አላህ በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ቀድሞ አስቀምጦታል፤ ጎሣና ነገድ የተደረግነው እንድንተዋወቅ ነው፣ መበላለጡ በተቅዋ ነው።

ብረት ለማን እንደተገራ አስታውሱ፤ ለነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.)። ከዚህም የሚደንቀው፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም ጡት የጠባው መዲና ውስጥ በአንድ ቀጥቃጭ ቤት ነው። የሞግዚቱ ባል አቡ ሰይፍ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር። ረሱል ልጃቸውን ሊያዩ ሲሄዱ ቤቱ ጭስ ሞልቶት ያገኙት ነበር። በዲናችን ጡት ዝምድና ነው። እኛ ዝምድናውን የምንሸሸውን ሙያ እሳቸው ልጃቸውን አደራ ሰጥተውታል።

«ፉቀሃዎች ስለ ከፋኣ፣ ስለ ተጋቢዎች መመጣጠን፣ ተናግረው የለ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ነሰብንና ሙያን የቆጠሩ አሉ። ግን ልጅቱና ወሊይዋ ከወደዱ ኒካሑን ሐራም ያላደረጉት ብዙዎች ናቸው። የቁረይሿ ፋጢማ ቢንት ቀይስም በረሱል ምክር የነፃ ወጪውን የዘይድን ልጅ ኡሳማን አግብታለች። አንድን ቤተሰብ «ቡዳ» ማለት ደግሞ ከከፋኣ ጋር አይገናኝም። የዐይን ነገር በዲናችን ቢኖርም በሙያና በዘር ይወረሳል የሚል የለም። ያለ ማስረጃ የሙስሊምን ስም ማጥፋት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ መቶ ዓመት አለፈው፣ ጥያቄዋ ግን ዛሬም ከጓዳ ትወጣለች። አዋጅ ጓዳ አይገባም። እናንተ ግን እዚያው ናችሁ።

ወንድሜ፣ እህቴ፦ ነገ በቤታችሁ «ዘሩ ምንድን ነው?» ሲባል ዝም አትበሉ። አባባንና እማማን አትቆጡ፣ ድምፃችሁንም ከፍ አታድርጉ። በአደብ «የአደም ልጅ ነው፤ ሰላቱንና አኽላቁን ጠይቁልኝ» በሉ። በእናንተ ትውልድ አንድ ኒካሕ በዲን ሚዛን ከተመዘነ፣ ሺህ ዓመት የቆመ አጥር አንድ እንጨት ተነቀለ ማለት ነው።

አላህ ልባችንን ከጃሂሊያ ኩራት ያጥራልን፤ በደላችን የደረሰባቸውን ይካስልን። አሚን። በነቢያችን ላይ ሰላዋት እናብዛ።