ደዌን መሸሸግ ትዕግሥት ነውን?

ሰው ከሥጋና ከነፍስ የተፈጠረ ስለ ሆነ የሥጋው ጤንነት ከነፍሱ ኑሮ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን፥ እኛም የራሳችን ገንዘብ አለመሆናችንን አስተምሯል። በዝሙትና በስካር ይህን ማደሪያ ማጉደፍ ኃጢአት መሆኑን ሁላችን እንናገራለን። በውስጡ የገባውን ደዌ እያወቁ ሸሽጎ እንዲፈርስ መተው ግን ምን ስም ይሰጠዋል? ይህን ጥያቄ በተለይ ስለ ወንዶች እናነሣለን።

በመቐለ ከተማ ሓወልቲ የሚባለው ሰፈር በስሙ ሐውልትን ያስታውሳል፤ ከደርግ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ የቆመው ረጅም ሐውልት ከሩቅ ይታያልና። በዚያ ሥር የሚያድግ ወንድ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለ ጀግንነት ይሰማል። ጀግንነት መልካም ነው። ነገር ግን የጦር ሜዳ ቍስል ለሁሉ ሲታይ የውስጥ ደዌ ይሸሸጋል። አባወራው ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እየተነሣ ሚስቱ ብትጠይቀው «ብርድ ነው» ይላታል። ራሱ ቢዞርበት «ድካም ነው»፥ ዓይኑ ቢፈዝ «እርጅና ነው» ይላል። ጎረቤቶቹም «ቻይ ሰው ነው» ብለው ያመሰግኑታል። ይህም በሓወልቲ ብቻ ሳይሆን በጎንደርም በአዲስ አበባም የሚታይ ልማድ ነው።

ትዕግሥት ማለት ሊያርቁት ያልተቻለውን መከራ እግዚአብሔርን ሳያማርሩ መቀበል ነው። ሊርቅ የሚችለውን ደዌ ቸል ብሎ ማሳደግ ግን ትዕግሥት አይባልም፤ ከቤተ ሰብ ሲሰውሩትም ሐሰት ይጨመርበታል። ጻድቁ ኢዮብ የትዕግሥት ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ቍስሉን አልሸሸገም። በአመድ ላይ ተቀምጦ፥ ሰው ሁሉ እያየው፥ ሕመሙን ለወዳጆቹ ተናገረ፤ ወደ አምላኩም ጮኸ። እንግዲህ የታገሠው ኢዮብ ከተናገረ፥ ዝምታን የትዕግሥት መለኪያ ያደረገው ማን ነው?

የዝምታው ሥር ብዙ ጊዜ ኀፍረት ነው፤ ኀፍረቱም የትዕቢት ታናሽ ወንድም ነው። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የሠራዊት አለቃና ኃያል ሰው ሳለ ለምጽ ነበረበት። የመዳኛውን መንገድ መጀመሪያ የጠቆመችው ተማርካ የመጣች ትንሽ ብላቴና ናት። ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ እንዲታጠብ ቢልክበት ክብሩ የተነካ መስሎት ተቈጣ፤ መክረው የመለሱት አገልጋዮቹ ናቸው። ዛሬም በሐኪም ፊት ልብሱን ማውለቅ ውርደት የሚመስለው፥ ሚስቱ ወይም ሴት ልጁ «ተመርመር» ስትለው የሚቈጣ ሰው የንዕማንን ቍጣ ይቈጣል። ንዕማን ግን በመጨረሻ ወረደ፤ ታጠበም፤ ነጻም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ከቅዱስ ወንጌል እየጠቀሰ፥ ባለ መድኃኒት ለታመመ እንጂ ለጤነኛ አያስፈልግም ይላል። ጌታችን ይህን በማን ፊት እንደ ተናገረ ግን እናስተውል። የተናገረው ጤነኞች ነን ብለው በሚመኩ፥ ደዌያቸውን በማያውቁት በፈሪሳውያን ፊት ነው። ብዙ ሰው ደም ብዛት የሚለው የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። አንዳች ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ዓመታት ልብን፥ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ባለቤቱም «ጤነኛ ነኝ» እያለ ሲመላለስ ድንገት ይወድቃል፥ ግማሽ አካሉም ይሰለላል። ልኬቱ ግን ክንድን ጥቂት ከማጥበቅ በቀር ሥቃይ የለውም። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል። ንስሐን ለሞት አልጋ ማቈየት እንደማይገባ የምናስተምር ሰዎች ይህን ማስተዋል ሊከብደን አይገባም።

የስኳር በሽታም ውኃ በማስጠማት፥ ሽንትን በማመላለስና ሰውነትን በማክሳት ይታወቃል፤ በብዙዎች ላይ ግን ዓይንን፥ ኩላሊትንና እግርን እስኪጎዳ ድረስ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ የሚገልጠው የደም ምርመራ ነው። ከሽንት ፊኛ በታች የሽንቱን ቧንቧ ከብቦ የሚገኘው ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ ደግሞ የወንዶች ነው። ዕድሜ ሲገፋ እየተለቀ ሽንትን ያሰናክላል፥ ሌሊትም ያስነሣል። ይህ መተለቅ ራሱ ነቀርሳ አይደለም፥ ሕክምናም አለው። ነገር ግን በዚያው ዕጢ ላይ የሚነሣው ነቀርሳ ሲጀምር ምልክት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ 50 ዓመት የሞላው ሰው፥ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ደዌ የታመመበት ከሆነም ከዚያ ቀደም ብሎ፥ ስለ ምርመራው ከሐኪም ጋር ይማከር። በሽንቱ ወይም በዓይነ ምድሩ ደም ያየ፥ ወጣትም ቢሆን በዘር ፍሬው ላይ እብጠት ያገኘ ሰው «አያመኝም» ብሎ አይዘግይ።

መከላከያውም ከአበው ትምህርት የራቀ አይደለም። ትንባሆን መተው፥ መጠጥን መቀነስ፥ ጨውንና ስብን መመጠን፥ በእግር መመላለስ ሥጋን ይጠብቃሉ። በዐቢይ ጾም ራሱን የገዛ ሰው በፍስክ ያለ ልክ ቢበላ፥ በዝክርና በማኅበር ቀንም ያለ ልክ ቢጠጣ ያተረፈውን መልሶ ያጠፋል።

ወንዶች ዘግይተው የሚደርሱበት ሌላም ምክንያት አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ቤት ለቤት እየሄደ እናቶችንና ሕፃናትን ብዙ ጠቅሟል። እናት ስትፀንስና ልጇን ስታስከትብ ከጤና ጣቢያ ትደርሳለች፤ አባት ግን በሥራው ስለሚውል እንዲህ ያለ በር አይከፈትለትም። በትግራይ ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የሕክምና ቤቶች ተጎድተዋል፤ በመቐለ ያለው ዓይደር ሆስፒታል እንኳ መድኃኒት አጥሮት የስኳርና የኩላሊት ሕሙማን ብርቱ መከራ አይተዋል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰው ወቀሳ የለበትም። ሕክምናው ሲመለስ ግን «ያን ሁሉ ያለፍሁ እኔ ይህን አልፈራም» ብሎ የቀረ ሰው፥ እግዚአብሔር ከጦርነት ያተረፈለትን ሕይወት ለኀፍረት አሳልፎ ይሰጣል። ድኽነት የያዘውን ደግሞ መገሠጽ አይበቃም፤ ሰበካ ጉባኤውና ማኅበሩ የመድኃኒቱን ዋጋ ሊካፈሉት ይገባል።

ጸሎትና ሕክምና ይጣላሉ የሚል ካለ የንጉሥ ሕዝቅያስን ታሪክ ይመልከት። ታሞ ለሞት በቀረበ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር አለቀሰ፥ 15 ዓመትም ተጨመረለት፤ የምሥራቹን የነገረው ነቢዩ ኢሳይያስም የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ንጉሥ አሳ የተነቀፈው እግዚአብሔርን ትቶ በባለ መድኃኒቶች ብቻ ስለ ታመነ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ በሽተኛው እንዲጸልይ፥ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ አጣምሮ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለ ጾምም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሕመምተኛ ይራራል። ስለዚህ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾም ሳይገባ ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ያማክር፤ በገዛ ፈቃዱ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፤ ምእመን ከሚስቱ የሰወረውን ለነፍስ አባቱ ይገልጣል። እንግዲህ የንስሐ ልጃችንን ስለ ነፍሱ ከጠየቅን በኋላ «ሥጋህስ እንዴት ነው? ደም ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህን?» ብንለው ምን ይጎድልብናል? እኛም ወንዶች ነን። ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ ያደረ መሪጌታ ራሱ ሲዞርበት «ድካም ነው» ብሎ ካለፈው፥ ደቀ መዝሙሩ ያንኑ ይማራል። ቀድመን ክንዳችንን ለሐኪም እንዘርጋ፤ ከዚያ በኋላ ምክራችን ይሰማል።

ምርመራ ሞትን አያስቀርም፤ ሁላችንም የምንጠራበት ቀን አለ። ነገር ግን ባለቤቱ ሳይጠራን በቸልታችን ቤቱን ማፍረስ አልተፈቀደልንም። ለልጆቹ አባት፥ ለመንጋው እረኛ የሆነ ሰው ዕድሜው የእርሱ ብቻ አይደለምና ደዌውን ይግለጥ፥ ይመርመር፥ ይታከም። መድኃኒት ያልተገኘለት በሆነ ጊዜ ያን ጊዜ እንደ ኢዮብ ይታገሥ፤ ትዕግሥቱም እውነተኛ ትዕግሥት ይሆንለታል። የነፍስና የሥጋ ባለ መድኃኒት የሆነ አምላካችን ለሕሙማን ምሕረትን፥ ለሐኪሞች ጥበብን፥ ለሁላችንም ማስተዋልን ያድለን። አሜን።