«ፈርሞ ቀረ»፦ የአንዲት ንባብ አንድምታ

ንባቧ አራት ቃል ናት፦ «ተከራይ ውል ፈርሞ ቀረ።» ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው አውራ ጎዳና መካከሏን በሚያልፍባት በከሚሴ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ፣ ቤት አከራይቶ ለሚያድር ሰው ንባቧ እንግዳ አይደለችም። ንባብ ሲያጥር ግን ሐተታ ይረዝማል።

«ውል» አለ። ውል በጽሑፍና በምስክር የጸና ስምምነት ነው። አንድም ውል የፈትል ጫፍ ነው፤ ልቃቂት የተተበተበባት ፈታይ ውሉን ትፈልጋለች እንጂ ክሩን አትበጥስም። በዐረብኛም «ዐቅድ» ይባላል፤ ቋጠሮ ማለት ነው፤ ኪታብ የቀራ ደረሳ ይህን አይስተውም። አንድም በኦሮምኛ «ወሊገልቴ» ይሉታል፤ «ወል» እርስ በርስ፣ «ገሉ» መግባት ነው። አማርኛውም «ውል ገባ» ይላልና ሁለቱ ልሳናት እዚህ ላይ ይገጥማሉ። እንግዲህ ይህ ተከራይ ውል ገባ፤ ቤት ግን አልገባም።

«ፈርሞ» አለ። ፊርማ ቃሉ ከጣልያን የመጣ ነው፤ ነገሩ ግን ቀድሞም በዋስና በምስክር ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በአግባብ የተመሠረተን ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ያቆመዋል። ስለዚህ ፈረመ ማለት በገዛ ራሱ ላይ ሕግ አወጣ ማለት ነው።

ንባቧ ቀብድን አልጠራችም፤ ተርጓሚ ግን ሳያነሣው አያልፍም። ቀብድ በዐረብኛ በእጅ መጨበጥ ነው። አንድም በግእዝ «ዐረቦን» ይባላል፤ መያዣ ማለት ነው፤ ዛሬ የኢንሹራንስ ሰዎች ለሚሰበስቡት ክፍያ አውለውታል። ጨብጦ የያዘው ማን ነው ቢሉ፣ ውሉ ነው፤ ቀብድ መሰጠቱ ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነውና። አንድም ተከራዩ ነው፤ የመውጫውን በር ይዞበታልና። በቁጥር 1885 እንደ ተጻፈው፣ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ቀብዱን ለቆ ከውሉ ሊወጣ ይችላል፤ የተቀበለው ቢወጣ ግን እጥፉን ይመልሳል። የተሰጠው ብር ቀብድ ሳይሆን የመጀመሪያ ወር ኪራይ ከሆነ ግን ይህ ሐተታ አያገኘውም። ወረቀቱ የቱን እንደሚል ማየት ይገባል፤ ሳያዩ የሚፈርሙ ብዙ ናቸው፤ ደላላም ቆሞ አያነብላቸውም።

ይህን ቀብድ በሸሪዓ «ዐረቡን» ይሉታል፤ የአንዱ መዝሀብ፣ ማለት የሕግ ትምህርት ወገን፣ መሪ ኢማም አሕመድ ይፈቅዱታል፤ ከሌሎቹ መዝሀቦች ሊቃውንት ብዙዎቹ አይፈቅዱትም። ስለዚህ ሕጉ ቀብዱን ቢያስቀርለትም ሼኁን ጠይቆ የሚመልስ አከራይ ቢገኝ አያስደንቅም።

«ቀረ» አለ። የንባቧ ልብ እዚህ ነው። ቀረ፣ ሳይመጣ ቀረ። አንድም ቀረ፣ ሳይጠፋ ተረፈ፤ ሰውየው ሄዶ ስሙ በወረቀቱ ላይ ቀረ። በኋለኛው ብንሄድ ባለዕዳ ነው፤ አከራዩ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ውሉን ያስፈጽማል ወይም ያፈርሳል፣ ኪሳራም ይጠይቃል። በፊተኛው ብንሄድ ቤቱ ባዶ ነው፤ ቁጥር 1802ም ተጎዳሁ የሚል ሰው ጉዳቱን እንዲቀንስ ያዘዋልና ሌላ ተከራይ ይፈልጋል። ሁለቱ አይጣሉም፤ አንዱ የሌላውን መጠን ይወስናል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራበት ከተማ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። ታዲያ ቤቱን በወሩ ለሌላ አከራይቶ «የሁለት ዓመቱን ክፈለኝ» የሚል ሰው፣ ለእኔ እንደሚታየኝ፣ ያጣውን ሳይሆን የተመኘውን ይጠይቃል። ያጣው የአንድ ወር ኪራይና ምናልባት የደላላው ድርሻ ነው።

አንድም ቀረ፣ ተከለከለ። ታሞ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶበት እንደ ሆነስ? ሕጉ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ይለዋል፤ መለኪያውም ጠባብ ነው። ጃርሳ ቢያ ግን፣ የአገር ሽማግሌዎቹ፣ ከወረቀቱ አስቀድመው «ምን አገኘህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ በሕጉ የማያመልጥም በአራራ፣ ማለት በዕርቅ፣ ግማሹ ሊቀርለት ይችላል። ይህም አራተኛው «ቀረ» ነው፦ ዕዳው ቀረ፣ ተተወ።

ይህ ሁሉ ቁልፉ ገና በአከራዩ ኪስ ሳለ ነው። ቁልፉን ተረክቦ ከሆነ ግን ንባቧ ራሷ ትለወጣለች፤ «ፈርሞ ቀረ» መሆኗ ቀርቶ «ገብቶ ወጣ» ትሆናለች፤ ሐተታዋም ሌላ ነው።