የፍቅርን ግጥም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ስለ መመለስ

በባሌ ምድር፥ በጊኒር፥ ኦሮምኛና አማርኛ ጐን ለጐን ይነገራሉ፤ ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን የሚሄዱ ዘያሪዎች በሚያልፉበት ወራትም የዐረብኛ ቃል ከኦሮምኛ ውዳሴ ጋራ ተቀላቅሎ ይሰማል። ይህ ባህሮ የሚባለው ውዳሴ ለሊቃውንት ምርምር በቅቶአል፤ የሎንዶኑ መምህር አንድርዜየቭስኪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. ስለ ምሥጢራዊ አነጋገሩ በእንግሊዝኛ ጽፎአል። ውዳሴን የሚተረጕም ሰው ግን ተወዳሹ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ያውቃል። የፍቅር ግጥም እንዲህ አይደለም።

በኦሮምኛ «ሲን ጃለዳ» የሚለውን ቃል ጐበዝ ለቆንጆ ቢናገረው፥ ቆንጆም ለጐበዝ ብትመልሰው፥ ቃሉ ያው አንድ ነው። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ግን «እወድሻለሁ» ወይም «እወድሃለሁ» ብሎ መቍረጥ ግድ ይሆንበታል። «አንቱ» ብሎ ላምልጥ ቢል ፍቅሩ የአማት ሰላምታ ይሆናል። እንግዲህ ባለግጥሙ ሸፍኖ የተወውን ተርጓሚው መግለጡ በሐሰት መመስከር ነውን?

የዐረብ አገር የአፍ መነገሪያ ዘፈን ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል። በዚያ ሴቲቱን እንኳ «ሐቢቢ» ብሎ በወንድ አንቀጽ መጥራት የዘፈን ልማድ ነው። እንግሊዝኛ አንተንና አንቺን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ነገሩ ይሸፈናል፤ ስለ ተወዳጁ በሩቅ ሲወራ ግን «እርሱ» ወይም «እርስዋ» ማለት አይቀርም። «እርሱ» ያለ ተርጓሚ ፊደሉን ጠበቀ፤ የዘፈኑን ልማድ ግን ላያውቅ ይችላል። «እርስዋ» ያለውም ልማዱን አውቆ ይሆናል፤ ወይም ነውርን ፈርቶ ይሆናል። ሁለቱ ምክንያቶች አንድ ቃል ቢያወጡም አንድ ሥራ አይደሉም።

ይህ ፈተና ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን በዕብራይስጥ ሲጻፍ አንተና አንቺ ተለይተው ነበር። ግእዙ የተመለሰበት የጽርዕ ቋንቋ ግን በዚህ ስፍራ አይለይም፤ የግእዙ ተርጓሚ ከምሥጢሩ እየመረመረ ማን ለማን እንደ ተናገረ መፍረድ ነበረበት። ፈረደም። በዚህ የሚወቅሰው የለም፤ ቋንቋው ያስገደደውን በማስተዋል ፈጸመ እንጂ ከልቡ አልጨመረምና።

ሌላ ነው ማንም ሳያስገድደው ጠጁን ውሃ፥ ውሽማዋን ሚስት፥ ልጅቱን ነፍስ አድርጎ «ተረጐምሁ» የሚል። እርሱ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን በሌላ ሰው ስም ይሸጣል። ማሻሻል ራሱ ኀጢአት አይደለም፤ ባለቅኔም ከመጽሐፍ ታሪክ ወስዶ የራሱን ቅኔ ይቀኛል፤ ቅኔው ግን የእርሱ ተብሎ ይጠራል። የባዕዱን ዘፈን እንደ ወደደ የለወጠም «ከዚህ ዘፈን ተነሥቼ የገጠምሁት» ብሎ ቢጽፍ ክብሩ አይቀንስም።

ግድ የሆነውን ምርጫ ለመግለጥ ግን የአገራችን ሊቃውንት «አንድም» የሚል መንገድ አላቸው። ንባቡን አስቀድመው አንዱን ፍች ይሰጣሉ፤ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። የጊኒሩን ዘፈን ወደ አማርኛ የሚመልስም በግጥሙ «አንቺ» ብሎ ከግርጌ «አንድም አንተ» ቢል ለአንባቢ በቂ ነው። በክራር የሚያዜመው ግን ግርጌውን አያዜምም፤ ለሚሰማው ሕዝብ ልጅቱ ልጅት ሆና ትቀራለች።