ዋስ የሌለው ዕቁብ

የእህቴ ልጅ፣ ባለፈው እሑድ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ «ጋሼ፣ ሁለቱም ሌቦች ናቸው፤ ማንንም አልመርጥም» ብለኸኝ ተነሥተህ ሄድክ። እናትህ ብትሰማህ «ቡና ተረግጦ አይወጣም» ትልህ ነበር። እኔ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም፤ የዋሽንግተንን መንገድ በታክሲ ሳመላልስ የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ ብዬ ነው።

ጥርጣሬህ ደግ ነው። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እየተባልን ነው ያደግነው። ጠርጥሮ ቤት መቀመጥ ግን ለጠረጠርከው ሰው ውለታ መዋል ነው።

በ1991 የሆነውን ስማ። (ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ፤ ወደኛው ስመለስ እጠቁምሃለሁ።) ሉዊዚያና አገረ ገዥ ልትመርጥ ነው። አንዱ ዕጩ ኤድዊን ኤድዋርድስ፤ ሦስት ጊዜ አገረ ገዥ የነበረ፣ በሙስና ተከሶ መጀመሪያ የሕዝብ ዳኞቹ (ጁሪው) መስማማት አቅቷቸው፣ ሁለተኛ ደግሞ ነፃ ተብሎ የወጣ። ሌላው ዴቪድ ዱክ፤ የኩ ክለክስ ክላን አለቃ የነበረ። ሕዝቡ ታዲያ መኪናው ላይ ምን ብሎ ለጠፈ መሰለህ? «ሌባውን ምረጡ፤ ጉዳዩ ከባድ ነው።» ልብ በል፣ ይህን የለጠፉት የኤድዋርድስ ጠላቶች አይደሉም፤ የራሱ መራጮች ናቸው! ኖቬምበር 16 ቀን ከመቶ 61 ያህል ድምፅ ሰጡት። በ2000 በሌላ የሙስና ክስ ጥፋተኛ ተባለ፤ ወህኒ ወርዶ በ2011 ተፈታ።

ፍርዱ የተሰማ ሰሞን አንድ ተሳፋሪ «እነዚህ የሉዊዚያና ሰዎች ሞኞች ናቸው» አለኝ። አፌን ይዤ ነዳሁ። ሞኝ አይደሉም እኮ፤ እሾህን በእሾህ ነው ያወጡት። አንተ ጥቁር ሰው ሆነህ በዚያ ቀን እዚያ ብትሆን፣ ከሚሰርቅህና ከሚጠላህ የቱን ትመርጥ ነበር? «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የፈሩትን ለማራቅ የጠሉትን ያወርሱታል።

ሰው የማያነሣው ግን ከኖቬምበሩ ምርጫ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ የሆነው ነው። ኦክቶበር 19 የመጀመሪያው ዙር ነበር፤ ዕጩው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ። በሥልጣን ላይ የነበረው ባዲ ሮመር ሦስተኛ ወጥቶ ቀረ። በኋላ «ከሁለቱ በቀር ሰው የለም ወይ?» ተብሎ የተለቀሰው ለቅሶ ወንፊቱ ከተነፋ በኋላ የመጣ ለቅሶ ነው። ይህን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እዚሁ ያየሁት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ማሪዮን ባሪ የዋሽንግተን ከንቲባ ነበር። በጃንዋሪ 1990 ሆቴል ውስጥ ክራክ ኮኬይን ሲያጨስ ኤፍ ቢ አይ በካሜራ ቀርጾ ያዘው። ፊልሙን ያላየ ሰው አልነበረም። ስድስት ወር ተፈረደበት፤ ታሥሮ ወጣ፤ በ1994 ሕዝቡ መልሶ ከንቲባ አደረገው! ያን ሰሞን አንዲት ሴትዮ ከወንዙ ማዶ ወዳለው አናኮስቲያ ሰፈር ስወስዳት «ይህን ሰው እንዴት መረጣችሁት?» ብዬ ጠየቅኳት፤ ደፋር ነበርኩ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለችና «ይህን ቦርሳ ለሱ አደራ አልሰጥም፤ የመጀመሪያ ደመወዜን ያገኘሁት ግን እሱ ባመጣው የክረምት ሥራ ነው» አለችኝ። ባሪ በ1979 ሥልጣን ሲይዝ ለከተማው ወጣቶች የክረምት ሥራ ከፍቶ ነበር። «አንተ የምትላቸው ንጹሖች ወንዙን ተሻግረው መጥተው አያውቁም» ብላኝ ወረደች።

ያን ጊዜ በልቤ ስቄባት ነበር፤ ዛሬ አልስቅም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ማለቷ ነበር። ሰው ፖለቲከኛን የሚመዝነው በጠባዩ ብቻ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ «ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ማንን ይከላከልልኛል?» ይላል። ባሪ በ2014 ሞተ፤ በ2018 በከተማው ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ሐውልት ቆመለት።

ስለ ኮንግረሱ ብዙ አልልህም። ጋሉፕ የሚባለው ድርጅት ሕዝቡን ሲጠይቅ «ኮንግረስ ሥራውን በደንብ ይሠራል» የሚለው ሰው በቅርብ ዓመታት ብዙውን ጊዜ ከመቶ 20 አይሞላም። እንደገና የሚወዳደሩት የምክር ቤት አባላት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ዘጠናው ተመልሰው ይገባሉ። ሌባው ሁልጊዜ የሌላው ሰው ተወካይ ነው፤ «የኔው ደህና ነው» ይላል ሁሉም። ዝንጀሮ የመቀመጫዋን መላጣ ሳታይ በባልንጀራዋ ሳቀች ይባላል።

እኛም ብንሆን ንጹሖች አይደለንም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን ሌባውን ገና ሳይሰርቅ ይቅር ያልነው እኛ ነን። ይህን ተረት አባቴ ሲተርተው ፈገግ ይል ነበር፤ እኔም ከሱ ተምሬ ፈገግ ብያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በየበዓላችን ነጠላ ጣል አድርገው እንጀራ የሚጎርሱትን ዕጩዎች አይተህ የለ? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ። እኛ ቁርበቱን አንጥፈን፣ ፎቶ ተነሥተን እንሸኛቸዋለን፤ «ያለፈው ዓመት ቃልህስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመካከላችን አይገኝም።

ቃል ማስጠበቅን ግን ዕቁብ ላይ እናውቅበታለን፤ ዕቁባችንን ታውቀዋለህ። ከአባላቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን የማይተያዩ አሉ። ግን ማንም ብር ይዞ አይጠፋም፤ ለምን? ዕጣው የወጣለት ሰው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ዋስ ይጠራል። ዕቁብ የቆመው በዋስ እንጂ በመተማመን አይደለም። ዋስ የሌለው ዕቁብ ግን በወሩ ይፈርሳል። የፖለቲከኛስ ዋሱ ማነው? በገዛ ፓርቲው ውስጥ ተነሥቶ ቦታውን ሊወስድ የሚችል ሌላ ሰው ነው። ይህን ዋስ የምትጠራው በኖቬምበሩ የመጨረሻ ምርጫ አይደለም። በፕራይመሪው፣ ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት የመጀመሪያ ዙር ነው፤ ያዝልኝ ያልኩህ ወንፊትም እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ስትመዘገብ «የትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም» የሚለውን ሳጥን እንዳመለከትክ ራስህ ነግረኸኛል። በኩራት ነው የነገርከኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ፕራይመሪው ዝግ ነው፤ ዴሞክራቱን የሚመርጠው የተመዘገበ ዴሞክራት፣ ሪፐብሊካኑን የተመዘገበ ሪፐብሊካን ነው። የኛ ካውንቲ ሞንትጎመሪ ደግሞ ዴሞክራት የበዛበት ስለሆነ፣ በፕራይመሪው ያሸነፈ ሰው ኖቬምበርን ተኝቶ ያልፋል። እንግዲህ አንተ እጅህን ታጥበህ ተቀምጠህ፣ ሌላው አብስሎ ሲያቀርብልህ «ወጡ ጨው በዛበት» ትላለህ።

የአንድ ሰው ድምፅ ምን ያመጣል እንዳትለኝ። ካውንቲያችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው። በ2018 የካውንቲው አስተዳዳሪ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ያለፈው በ77 ድምፅ ነው። በ2022 እንደገና ሲወዳደር፣ ድምፁ ዳግመኛ ተቆጥሮ፣ በ32 ድምፅ አለፈ። ሰውየው ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አላልኩም። ሠላሳ ሁለት ሰው ማለት ግን የኛ ማኅበር የሰንበቴ ቀን የሚመጣው ሰው ነው፤ ሕፃናቱን ሳንቆጥር።

አውቃለሁ፣ ምሬትህ እዚህ አገር አልጀመረም። ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ይኸኛው በኛ አቆጣጠር ነው፣ በአገር ቤቱ ምርጫ እናትህ ሌሊት ወጥታ ተሰልፋ ከቀትር በኋላ ነው የመረጠችው፤ አንተን አዝላ። ማታ ስደውልላት እግሯ አብጦ ድምፅዋ ይስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ ታውቃለህ። ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ የድምፅ ወረቀት አይቶ ፊቱን ቢያዞር አልፈርድበትም። እናትህ ግን እስከ ዛሬ «ለምን ተሰለፍኩ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ደግሞ 32ቷን ድምፅ ሁለት ጊዜ ቆጥረዋታል።

ስለዚህ የምትወደው ሰው እስኪመጣ አትጠብቅ። የታመነ ሰው ፈልግ አላልኩህም፤ ዋስ ጥራ ነው ያልኩህ። ተመርጦ ከገባም በኋላ ስብሰባው ላይ ተገኝና «ብለህ ነበር» በለው፤ በእንግሊዝኛህ እኔ የማልደርስበትን ትደርሳለህና።

የፓርቲ ምዝገባ መቀየሪያው ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት ይዘጋል። እሑድ ስትመጣ መታወቂያህን ያዝ፤ ቅጹን እዚሁ እንሞላዋለን፤ ቡናውንም በረካ ሳትደርስ አትነሣም።