ፍቅር ምጽዋት ነውን?

ሴት ልጅ ስለ ራስዋ ያላትን አሳብ ከማን ትቀበላለች? ከፈጠራት አምላክ ነውን ወይስ በመንገድ ከሚመለከታት ሰው? ይህን የምንጠይቀው በአልቢኒዝም ምክንያት ቆዳቸውና ጠጉራቸው ሳይጠቁር ስለ ተወለዱ እኅቶቻችን ትዳር ልንናገር ስለ ወደድን ነው።

በመርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ያለፈ ሁሉ የገበያተኛውን ብዛት ያውቃል። እንዲህ ያለች እኅት በዚያ ስታልፍ አንዱ «ፈረንጅ» ይላታል፤ ሌላው ለምጽ መስሎት ይሸሻታል። ዓይንዋ ከሩቅ አጥርቶ ስለማያይ የምታውቀውን ሰው ሰላምታ ሳትሰጥ ብታልፍ ደግሞ ኩሩ ትባላለች። ፀሐዩንስ በነጠላዋ ትከልለዋለች፤ የሰውን ዓይን ግን በምን ትከልለው? ዘመን ሲቆጠር እርስዋም በመስተዋት ፊት ቆማ ራስዋን በዚያው ዓይን ማየት ትጀምራለች።

ነገሩ የሚብሰው ለጋብቻ ስትታሰብ ነው። የወጣቱ ዘመዶች «ልጆችዋ ሁሉ እርስዋን ይመስላሉ» ብለው ይፈራሉ። ይህ ስሕተት ነው። አልቢኒዝም በአብዛኛው የሚወረሰው ከአባትም ከእናትም በአንድነት ነው፤ ሁለቱም ጥቁር ሆነው ውርሱን በስውር ቢይዙ፣ በእያንዳንዱ ፅንስ ዕድሉ ከ4 እጅ 1 እጅ ነው። እርስዋ ያንን ውርስ ያልያዘ ሰው ብታገባ ግን ልጆችዋ በስውር ይይዙታል እንጂ በቆዳቸው አይታይም። እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥሩት አባቶቻችንም፣ የሳይንሱን ስም ባይሰሙት እንኳ፣ የቅርብ ዘመዶችን ጋብቻ በመከልከላቸው ስውሩ ከስውሩ እንዳይገናኝ ረድተዋል።

በመርካቶ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። የዚህን መልአክ ስም የሚጠራው መጽሐፈ ሄኖክ በ106ኛው ምዕራፍ የኖኅን ልደት ይነግረናል። ሕፃኑ ሰውነቱ እንደ በረዶ፣ ጠጉሩም እንደ ባዘቶ ነጭ ነበረና አባቱ ላሜሕ ፈርቶ ወደ ማቱሳላ ሸሸ፤ ልጁ የእርሱ መሆኑን ተጠራጥሮ ነበርና። ሄኖክ በእውነት ልጁ እንደ ሆነ አስታወቀ። ይህን አልቢኒዝም ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እኛ ተአምሩን ወደ ሐኪም ቤት ልናወርደው አንደፍርም፤ የምንመለከተው የአባትዮውን ድንጋጤ ነው። እናቲቱ ምን እንዳለች በዚያ አልተጻፈም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ከተገኙት ብራናዎች አንዱ ግን፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ባይቆጠርም፣ እርስዋን ያናግራታል። እያለቀሰች ልጁ የእርሱ እንደ ሆነ ትምልለታለች፤ በመካከላቸው የነበረውንም የመኝታ ደስታ እንዲያስታውስ ትለምነዋለች። ዛሬም ነጭ ሕፃን ሲወለድ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የእናት ታማኝነት ነው።

ከጥርጣሬውም ይልቅ እኛን የሚያሳዝነን «ለነፍሴ ብዬ አገባኋት» የሚለው ባል ነው። ሰው ቸር ይለዋል። ሚስቲቱም መወደድዋን እንደ ምጽዋት ትቆጥረዋለች፤ ቢሰድባት «ከእርሱ ሌላ ማን ያገባኝ ነበር?» ብላ ዝም ትላለች፤ መልኳን እንዳያይባትም መብራቱን አስቀድማ ታጠፋለች። ይህን ትሕትና ብለን አናመሰግነውም። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በ7ኛው ምዕራፍ ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው እኩል ባለ ዕዳ እንደ ሆኑ ሲያስተምር፣ ስለ መልክ ከዕዳው የሚቀነስ ነገር አልጻፈም። እንግዲህ «ለነፍሴ ብዬ ነው» የሚል እጮኛ ወደ ንስሐ አባቱ ቢመጣ፣ ካህኑ «እርስዋስ ለአንተ ምን ትሰጥሃለች?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልስ ቢያጣ ሠርጉ ይቆይ።