ስለ ባለ አምስት መክሊቱ ሕፃን መናገር ትዕቢት ነውን?

አንዲት እናት ምክር ፈልጋ ወደ እኛ መጥታ ነበር። ልጅዋ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሒሳብ ጓደኞቹ ገልብጠው ሳይጨርሱ እርሱ ሠርቶ ይፈጽማል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ስለሚያጣ ጎረቤቱን ያናግራል፤ ስለዚህም ዘወትር ይቀጣል። ቀድሞ በማለዳ እየተነሣ ይገሠግሥ የነበረው ሕፃን ዛሬ «ሆዴን አመመኝ» እያለ መቅረት ይሻል። እናቲቱም «አባቴ፥ ለመምህሩ ብናገር ልጄን ከሰው ልጅ ማስበለጥና ትዕቢት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ልጁ ሲጠወልግ አያለሁ፤ ምን ላድርግ?» አለችን። ጥያቄዋ የብዙ ወላጆች ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን በዚህ ልንጽፈው ወደድን።

አስቀድሞ ስጦታው የማን እንደ ሆነ እንመርምር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደምናነበው፥ ጌታው ለአገልጋዮቹ ለአንዱ አምስት፥ ለአንዱ ሁለት፥ ለአንዱ አንድ መክሊት እንደየዐቅማቸው ሰጠ። መክሊቱ ግን የጌታው ነበረ እንጂ የአገልጋዮቹ አልነበረም። እንግዲህ በልጅዋ አእምሮ የምትመካ እናት ትታበያለች፤ ስለ አደራው የምትናገር እናት ግን አደራዋን ትጠብቃለች። አንዱን መክሊት መቅበር ካስወቀሰ፥ አምስቱን ማስቀበር እንዴት ትሕትና ሊባል ይችላል?

«ፍትሕ ማለት ለሁሉ አንድ ዓይነት መስጠት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጡት ለሚጠባውና ጥርስ ላወጣው ልጅ አንድ ዓይነት ምግብ የምታቀርብ እናት፥ አንዱን ታንቀዋለች፥ ሁለተኛውን ታስርበዋለች እንጂ እኩል አላደረገቻቸውም። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በንባብ ቤት ፊደል የለየ ሕፃን ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ኋላም ወደ ዳዊት የሚያልፈው በችሎታው እንጂ በዕድሜው አይደለም። በቅኔ ቤትም ጉባኤ ቃና የሞላለት ደቀ መዝሙር ጓደኞቹ እስኪደርሱ ሳይጠብቅ ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አካል ጉዳተኞችና ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው ልጆች እንደ ዐቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ስለዚህ እናቲቱ የምትጠይቀው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሆኖም ፈጥኖ መያዝ ብቻ የስጦታ ምልክት አይምሰለን። ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ተቀጥቶ እንደ ሸሸ፥ ከዛፍ ላይ ሊወጣ ደጋግሞ የሚወድቀውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ገድሉ ይተርካል። ስለ ፈጣኑ ልጅ ስንናገር ዘገምተኛውን የምንንቅ ከሆነ፥ ምናልባት የምንንቀው ያሬድን ነው።

እንግዲህ እንዴት ትናገር? በቁጣ አትሂድ፤ ብዙ ሕፃናት የያዘው መምህር ሸክም አለበትና። የልጅዋን ውዳሴ ትታ ያየችውን ብቻ ትንገረው፤ ሥራውን በፈጸመ ጊዜ የሚከብድ ጥያቄ ወይም የሚያነበው መጽሐፍ እንዲሰጠው፥ በሒሳብ ከላይኛው ክፍል ጋር እንዲፈተን ትለምን። ጓደኞቹን ማስጠናቱ መልካም ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤት ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላልና። ነገር ግን ያ ታላቅ ደቀ መዝሙር ራሱ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ አዲስ ትምህርት ይቀበል ነበር፤ ሌላውን እያበላ ራሱ የሚራብ ልጅ ሊኖር አይገባም። በቤትም በወንድሞቹ ፊት አታወድሰው፤ ጨዋታውንም አታስቀረው።

ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ፥ ሊቃውንቱ በማስተዋሉ ተደነቁ እንጂ ስለ ዕድሜው ከጉባኤው አላስወጡትም። እርሱም ከዚያ በኋላ ወደ ናዝሬት ወርዶ ለእናቱና ለዮሴፍ ይታዘዝ ነበር። መምህራን ከሊቃውንቱ መስማትን፥ ልጆች ከጌታ መታዘዝን ይማሩ፤ ወላጆችም በአደራቸው ዝም አይበሉ። ማስተዋልን የሚሰጥ አምላክ ለሁላችን ልቡና ይስጠን፤ አሜን።